«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከተላለፈ በኋላ ለኅትመት የተዘጋጀ)



የዛሬው ዝግጅታችን በቦንጋ ከተማና በመላው ካፋ ዞን በሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቻችን ጤናና ደኅንነት ላይ ያተኩራል። ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት ሰው ዛሬ ያስፈልገዋል፤ የሞቱበትም ቢሆን አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት አያጣም። አላህ ዕድሜ ከሰጠን ደግሞ ነገ እኛው ራሳችን የምንገኝበት ቦታ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። እናቴ የሚኖሩት በገጠር ነው። የዓይናቸው ብርሃን መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መርፌ በክር ማስገባት ተሳናቸው፤ ቀጥሎ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አለመለየት ጀመሩ። እኛ ልጆቻቸው ታዲያ ምን አልን? «እርጅና ነው» አልን። እሳቸውም «እርጅና ነው» አሉ። በዚሁ አለፈ። አንድ የክረምት ሌሊት ለሱብሒ ሶላት ዉዱእ ሊያደርጉ ማስታጠቢያቸውን ይዘው ሲወጡ ደጁ ላይ ባለው ጭቃ ተንሸራተው ወደቁ። ወጌሻ ተጠርቶ ሦስት ቀን ታሹ፤ ሕመሙ ግን ባሰ። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ አወጣናቸው። ሐኪሙ የዳሌ አጥንታቸው መሰበሩን ነገረን። ከዚያም ዓይናቸውን አየና «ይህ እኮ የሞራ ግርዶሽ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ እስከ ዛሬ ለምን አላመጣችኋቸውም?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ዛሬ ዓይናቸው ታክሞ በርቷል፤ አልሐምዱ ሊላህ። እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ወንድሞችና እህቶች፣ እናቴን የጎዳቸው ጭቃው ብቻ አይደለም። «እርጅና ነው» የምትለው አጭር ቃላችንም ጎድታቸዋለች። ስለዚህ የዛሬው መልእክታችን አንድ ነው። እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም፤ «እርጅና ነው» ብለን የተውነው ብዙው ነገር ሊታከም ወይም ሊከለከል የሚችል ነው።

ለወላጅ በጎ መዋል ሲባል ምን ማለት ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ እርሱን ብቻ እንድናመልክ ካዘዘን በኋላ ወዲያው ያስከተለው ለወላጆች በጎ መዋልን ነው። በተለይም እኛ ዘንድ ሆነው ባረጁ ጊዜ ትንሿን የመሰላቸት ቃል እንኳ እንዳናሰማቸው ከልክሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለጂሃድ ሊወጣ ፈቃድ የጠየቃቸውን ሰው ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ ባረጋገጡ ጊዜ፣ ትግሉን እነርሱን በማገልገል ላይ እንዲያደርግ መልሰውታል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። በእኛ አካባቢ አዛውንት ይከበራሉ፤ ሲገቡ እንነሣለን፤ የተሻለው መቀመጫ ለእነርሱ ነው፤ ቡናውም ቀድሞ የሚቀዳው ለእነርሱ ነው። ይህ መልካም ባሕል ነው። ነገር ግን ከፍ ባለ መቀመጫ ያስቀመጥናቸው አባት ከሁለት ሳምንት በፊት የደም ግፊት ክኒናቸው እንዳለቀባቸው የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? አክብሮት የበጎ ሥራው መግቢያ ነው። ሥራው ራሱ ያለው በዕለት ተዕለቱ ኑሮ ውስጥ፣ ማለትም በዓይናቸው፣ በእግራቸው፣ በመድኃኒታቸው፣ በሚተኙበት ቤትና በሚበሉት ምግብ ላይ ነው።

እርጅና የሚመስሉ ሕመሞች

በመጀመሪያ ዓይንን እንውሰድ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ሕመም የዓይን ውስጠኛው ሌንስ እየደፈረሰ ሲሄድ የሚከሰት ነው። ሕክምናው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ የደፈረሰው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ጠብታም ሆነ ቅጠል አያጠራውም። ሌላው ትራኮማ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን ሲቧጥጥ ብዙዎቹ እናቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉታል። ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ብሌኑም እየቆሰለ ብርሃኑን ያጣል። ይህም በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። አባታችን ሲጠሩ ካልሰሙ፣ በጨዋታ መሐል ዝም ካሉ፣ «ችላ አሉን» አንበል። አንዳንዴ ምክንያቱ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ጉዳት ያስከትላልና ባለሙያ ያውጣው።

ሦስተኛው የመርሳት ችግር ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት በማንም ላይ ይደርሳል። ከዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው ቤት ሲመለሱ መንገድ የሚጠፋቸው፣ ሶላት ሰግደው እንዳልሰገዱ ደጋግመው የሚነሡ ከሆነ ግን ይህ ዲሜንሺያ የሚባለው የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ፣ የእርጅና የማይቀር ውጤትም እንዳልሆነ ያስረዳል። እንዲህ ያሉትን ወላጆች መከራከር፣ መቆጣት ወይም «ጃጁ» ብሎ መሳቅ አይገባም። ልጆቻችን እየሰሙን ነው።

እዚህ ላይ አጥብቀን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደኅና የነበሩ አዛውንት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ቢቃዡ፣ ሰው ባይለዩ፣ ይህ እርጅና አይደለም። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም የስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባቸው። እንዲሁም የፊታቸው አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ሁለቱንም እጆች አንሡ ሲባሉ አንደኛው ከወደቀ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ነውና አንዲት ሰዓት አትባክን። ውኃም ሆነ ምግብ አንስጣቸው፤ ሊያንቃቸው ይችላል። «ጂን ነው»፣ «መጋኛ ነው» እያልን ቤት ውስጥ ቀናት የምናሳልፍ አለን። ቁርኣን ልንቀራላቸው፣ ዱዓእ ልናደርግላቸው እንችላለን፤ ግን መኪናው ውስጥ እየሄድን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ፈቅደዋል፤ አላህ መድኃኒት ሳያዘጋጅ ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል።

ቤታችንን እንመልከት

ካፋ የደን፣ የቡናና የማር አገር ነው። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ይህን ልምላሜ የሚሰጠን የአላህ ዝናብ ብዙውን የዓመቱን ክፍል አይለየንም። ለወጣት ጭቃ ጭቃ ነው፤ ለሰባ ዓመት እናት ግን አደጋ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የሚጋለጡትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቤት በር እስከ መጸዳጃው ድረስ ጠጠር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ እናንጥፍ። በመንገዱ ዳር ቀርከሃ ወይም ጠንካራ እንጨት ተክለን መደገፊያ እናብጅ፤ መጸዳጃው ውስጥም ይዘውት የሚነሡበት እንጨት እንምታ። ለሌሊት የእጅ ባትሪ ወይም የፀሐይ ኃይል መብራት ከትራሳቸው አጠገብ ይኑር። ሌሊት ውጪ ላለመውጣት ሲሉ ከአሥር ሶላት ጀምሮ ውኃ የማይጠጡ ብዙ ናቸው። ፖፖ ብናስቀምጥላቸው ይህ ሁሉ ይቀራል። ለዉዱእም ውኃው ውስጥ ድረስ ይቅረብላቸው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያድርጉ። ጫማቸው ከኋላ የሚይዝና የማያንሸራትት ይሁን።

ሌላው እሳት ነው። ምድጃችን በአብዛኛው ከቤቱ መካከል ነው፤ አዛውንቶችም ብርዱን ሲሸሹ ከእሳቱ ዳር አይለዩም። ሲያዞራቸው ወደ እሳት ሊወድቁ፣ ልብሳቸውም ሊያያዝ ይችላል። ምድጃው ዙሪያውን ይከለል፤ መቀመጫቸውም ራቅ ይበል። ጭሱ ሳል ላለባቸው ክፉ ነውና መስኮት ይከፈት። ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ መተኛት ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰቡን በሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊወድቅ ይችላል። የወደቁት አዛውንት መቆም ካቃታቸው፣ እግራቸው ካጠረና ወደ ውጪ ከዞረ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላልና አይታሹ፣ አይጎተቱ። በጠፍጣፋ ቃሬዛ አስተኝተን ወደ ሆስፒታል እንውሰዳቸው። ቦንጋ የገብረ ፃዲቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ ሕክምና ካስፈለገም ጅማ ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ነው።

መድኃኒትና ምግብ

የደም ግፊት ድምፅ የለውም። ብዙ ጊዜ ራስ ምታትም ሆነ ሌላ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። መለኪያው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። የእኛ ችግር ክኒኑን መጀመር አይደለም፤ መቀጠል ነው። «ደኅና ሆንኩ» ብለው ያቆማሉ። ደኅና ያደረጋቸው ግን ክኒኑ ነበር። ስለሆነም ከቤቱ አንድ ሰው፣ አንብቦ የሚረዳ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ የመድኃኒት ኀላፊ ይሁን። በየቀኑ ይቁጠር፤ አሥር ሲቀረው ለቤተሰቡ ይናገር። በጎረቤት ክኒን መታከም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስታገሻ ደጋግሞ መዋጥም ይቅር፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪም ቤት ስንሄድ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘን እንሂድ።

በምግብ በኩል ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ኃይልም ይሰጣል። ሰውነትን የሚጠግነው ፕሮቲን ግን በውስጡ ጥቂት ነው። አዛውንት ጥርሳቸው ሲያልቅ ሥጋውንና ቆሎውን ትተው ለስላሳውን ብቻ ይበላሉ፤ ጡንቻቸውም ይሟሽሻል። ስለዚህ ከቆጮው ጋር የባቄላ ወይም የአተር ወጥ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም አይብ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ ይጨመርላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ አሉና ይህንንም ጨምረን እንቁጠረው። የጥማት ስሜት በዕድሜ ስለሚቀንስ ውኃ እስኪጠይቁ አንጠብቅ።

ዒባዳቸውን አናክብድባቸው

ወላጆቻችን ለዲናቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ የተሰጣቸውን ማቅለያ ላለመጠቀም ይታገላሉ። እየተንቀጠቀጡ ቆመው ይሰግዳሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አስተምረዋል። ውኃ የሚጎዳው ሕመምተኛ ተየሙም አለለት። በእርጅና ምክንያት መጾም የተሳናቸውም ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ ይሰጣሉ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ረመዳን ከመግባቱ ከአንድና ከሁለት ወር በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ውጤቱን ይዘው ዓሊም ይጠይቁ። መድኃኒቱን በገዛ እጅ አቋርጦ መጾም በሕይወት ላይ አደጋ ይጥላል። ይህን ለእናቱ በፍቅር የሚያስረዳ ልጅ ዒባዳዋን አልቀነሰባትም፤ አግዟታል።

ብቸኝነትና ንብረት

ከካፋ ብዙ ወጣት ወደ ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገራት ሄዷል። ገንዘብ ይልካሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ አያጫውትም። እናት ከምትናፍቃቸው ነገሮች አንዱ የልጇ ድምፅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት እንደውል። ስንደውልም «ደኅና ነሽ?» ብቻ ብለን አንዝጋ፤ «ደኅና ነኝ» ትለናለችና። ክኒኑ ስንት እንደቀረ፣ ማታ ምን እንደበላች፣ ማን እንደጠየቃት እንጠይቅ።

ደፍረን መናገር ያለብን ሌላም ነገር አለ። የአዛውንቱን የቡና መሬት «እኔ ላርስልህ» ብሎ ወስዶ ፍሬውን የሚያስቀር ዘመድ አለ። ያልተነበበላቸውን ወረቀት በጣት አሻራ የሚያስፈርም ልጅ አለ። የተላከላቸውን ገንዘብ ቆርሶ የሚሰጥም አይታጣም። ይህ በደል ነው፤ በደልነቱ ደግሞ በሰዎች ሐቅ ላይ ነው። አዛውንት ሲፈርሙ የሚያምኑት ገለልተኛ ሰው ያንብብላቸው፤ የመሬት ደብተራቸውም በእጃቸው ይቆይ።

ተንከባካቢዋን አንርሳ

በብዙ ቤት የማስታመሙ ሥራ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይወድቃል። አንዳንዴ ልጅ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምራት ናት። ውኃ ትቀዳለች፤ ታጥባለች፤ ሌሊት ትነሣለች። ወንዶቹ ግን ሲጠየቁ «እናታችንን እኛ ነን የያዝናት» ይላሉ። የወላጅ ሐቅ መጀመሪያ ያለው በልጁ ላይ ነው፤ የሚስቱ ድካም ደግሞ ምስጋናና እገዛ የሚገባው ውለታ ነው። ወንድምና እህት ቁጭ ብለው ሥራውን ይከፋፈሉ፤ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ሐኪም ቤት ማመላለስ፣ አንዱ በሳምንት ሁለት ሌሊት ማደር። የደከመች ሴት መቆጣት ትጀምራለች፤ ቁጣው የሚያርፈውም መናገር በማይችሉት አዛውንት ላይ ነው።

ዕድራችን ከሞት በፊት

ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ቀብሩ በሥርዓት ይፈጸማል፤ ጎረቤት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ይሰበሰባል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሦስት ወር አልጋ ላይ ሲቆይ በሩን ያንኳኳ ነበርን? ዕድሮቻችንና የመስጊድ ጀመዓዎቻችን በየሰፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ቢመዘግቡ፣ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት የሚጎበኛቸው ሁለት ሰው ቢመድቡ፣ ቃሬዛና የሐኪም ቤት መጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ቢያስቀምጡ ምን ይከብዳቸዋል? የጎረቤት ሐቅም በሃይማኖት አይለይምና ዝርዝሩ የሰፈሩን አዛውንት ሁሉ የያዘ ይሁን።

በመንግሥት በኩል ያለውንም እንጠቀምበት። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰብን የሚያሳክም ነው። መክፈል የማይችሉ ድሆችም ተለይተው መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለ። የቡና ገንዘብ በእጅ ባለበት ወቅት ደብተሩ ይታደስ፤ ጊዜውን ከቀበሌያችን እንጠይቅ። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ አንርሳ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ብቻ አንጥራቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። ነገር ግን ለአማኝ ልጅ ከፍርድ ቤት በፊት የአላህ ጥያቄ ይበቃዋል።

በመጨረሻም

ውድ አድማጮቻችን፣ የሰማነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ላይሠራ ይችላል። ከዚህ ሳምንት ግን አራት ነገር እናድርግ። ወላጆቻችን በሩቅ ያለን ሰው መለየታቸውን እንፈትን። የደም ግፊታቸውን እናስለካ። የሚወስዱትን መድኃኒት እንቁጠር። ሌሊት ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ የሚሄዱበትን መንገድ እኛው በጨለማ ሄደን እንየው። እኔ ያን መንገድ የሄድኩት እናቴ ከወደቁ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሂዱት።

«እርጅና ነው» የምትለው ቃል አፋችን ላይ ስትመጣ ቆም እንበልና «ሐኪም አይቶታል?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ በሕይወት ላሉት ወላጆቻችን ጤና ያለበት ዕድሜ ይስጣቸው፤ የሞቱትን ይማርልን፤ በሚያስፈልጉን ሰዓት ሳይሆን በምናስፈልጋቸው ሰዓት አጠገባቸው እንድንገኝ ይወፍቀን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።